የበረቴ ሰሞን

እህቴ እታለም ሽማግሌዎቹን እጅ ስታስታጥብ ድንገት «እምቧ!» አለች። ልክ እንደ ጥጃ። ኩስኩስቱ ከእጇ ወደቀና የሽማግሌዎቹ መሪ የአለቃ ፈንታ ጫማ በውኃ ራሰ።

እኔ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰባት ዓመት ቢሞላኝ ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እናቴ ሠርኬ «በስመ አብ!» ብላ ስታማትብ አየሁና ዋጥ አደረግሁት። አባባ የዘገኑትን ቆሎ እንደያዙ ቀሩ። እታለም አንገቷን ዘንበል፣ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ እንደገና «እምቧ!» አለች፤ ይሄኛው ከፊተኛው ይረዝማል።

«ምን ሆነች?» አሉ አለቃ ፈንታ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን መርካቶ እህል በረንዳ ነበር፤ ከፊት የጤፍ መጋዘን፣ ከኋላ መኖሪያ። አባቴ ደመቀ ከጎጃም መጥተው እዚያ በረንዳ ላይ ስም ያወጡ ነጋዴ ናቸው። ጤፍ ሲገዙ አንድ እፍኝ አንስተው፣ እፍ ብለው፣ «ይሁን» ካሉ አለቀ፤ ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ። ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ የሚዳኘው እሳቸው ዘንድ መጥቶ ነው። «ደመቀ ካለ አለ ነው» ይባል ነበር። እማዬ ይህን አባባል ቤታችን ለረገጠ እንግዳ ሁሉ ሳትናገር አትቀርም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ለባላምባራስ ወርቁ «ልጄን ሰጥቻለሁ» ያሉት። ባላምባራስ ጤፉን በመኪና የሚጭኑልን ባለርስት ናቸው፤ ሚስት የሞተችባቸው፣ በዕድሜ ከአባባ የሚበልጡ፣ ሲያስነጥሱ የመጋዘኑ ድመት የምትሸሻቸው። እታለም ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ሐሳቧ የሚኒስትሪ ፈተናውን አልፋ ነርስ ለመሆን ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ የመጡት ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ እንዲሆን ቀን ሊቆርጡ ነው። እኔማ ለሰርጉ አዲስ ጫማ እንደሚገዛልኝ ስለተነገረኝ ባላምባራስን ከዘመድ ሁሉ አብልጬ እወዳቸው ነበር።

ጫጫታውን ሰምታ እትዬ ጠሂራ ከጎን ካለው ሱቋ ብቅ አለች። ክርና ጥለት የምትሸጥ የወሎ ሴት ናት፤ ከእማዬ ጋር እሳት የሚጫጫሩ ጎረቤት። እታለምን አገላብጣ አየቻት፣ የዓይኗን ቆብ ገለጠች፣ ጆሮዋን ሳብ አደረገች።

«ያ ረቢ! ይቺን ልጅ በረቴ ይዟታል።»

«ደግሞ በረቴ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«እናንተ አገር የለም እንዴ? በረት ያደረ ነፋስ ሰው ላይ ሲገባ ነው። መጀመሪያ ጥጃ ያደርጋል። ከዚያ ፍየል። ከዚያ አህያ። ጅብ ላይ ከደረሰ እንግዲህ...» ብላ እጇን አራገፈች።

«ወደ ሰው ይተላለፋል?» አሉ አለቃ ፈንታ፣ እግራቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰብሰብ እያደረጉ።

«በትንፋሽ!»

ሽማግሌዎቹ ቀን ሳይቆርጡ ወጡ።

ካደግሁ በኋላ ያገኘሁትን ወሎዬ ሁሉ ስለ በረቴ ጠይቄያለሁ። ለሥራ ደሴ ድረስ ሄጄ ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንቶች አስቀምጬ ጠይቄያለሁ። ሰምቶ የሚያውቅ የለም። መርካቶ ግን በማግስቱ አብጠርጥሮ ያውቀው ነበር። በርበሬ ሻጯ «የአጎቴን ሚስት ይዟት ገለባ ነበር የምትበላው፤ ያውም መርጣ!» አለች። ልብስ ሰፊው «አገሬ ጥዬው የመጣሁት በሽታ እዚህ ድረስ ተከተለኝ?» ብሎ መኪናውን አቁሞ ተከዘ። አንዱ ጸበል አለ፣ ሌላው ጤና አዳም በነጭ ሽንኩርት። በረቴን አላውቅም ያለ ሰው ትናንት ከገጠር የመጣ ተደርጎ ተቆጠረ።

እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። ባሌ ዛሬ «አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽን አስቁመሽ መታወቂያ የምትጠይቂ ሴት ነሽ» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፤ ግን ከዚያ ሰሞን የተረፈኝ ጠባይ ነው። ተሸካሚዎቹ ኩንታል አዝለው ሲያቃስቱ ስሰማ አህያ ደረጃ የደረሱ መሰለኝ። እማዬ ታንኮራፋለች፤ እሱን የየትኛው እንስሳ እንደምለው ጨነቀኝ። አለቃ ፈንታማ ጢማቸውም አበላላቸውም የፍየል ነው፤ ምናልባት በሽታውን ያመጡብን እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም አልኩ። ጠዋት ጠዋት ምላሴን አውጥቼ በእማዬ መስታወት አያለሁ። ቀጥዬ ጤፍ ካራገፉት አህዮች ፊት ጭድ አንስቼ እቀምሳለሁ፤ ካልጣፈጠኝ ጤነኛ ነኝ ማለት ነው። አንድ ቀን ትንሽ የጣፈጠኝ መሰለኝና ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ።

እታለም ደግሞ እየባሰባት ሄደ። ግን በሽታዋ ተንኮለኛ ነው። ከእኔ ጋር ስትሆን ደህና ናት፤ መጽሐፏን ታነባለች፣ ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ስፈዝባት በኩርኩም ትለኛለች። የባላምባራስ ሰው ደጃፍ ላይ ብቅ ሲል ግን አለቀ፣ ፍየል ናት። በር ላይ የተሰጣ ሽሮ ሳይቀር በአፏ ትልሳለች። ይህን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። በሽታው በራሱ አይመጣም፤ የሚልክባት ሰው አለ። የቀረኝ ማን እንደሆነ መያዝ ብቻ ነው።

ደግሞም ያዝኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ እታለምን ጠርቼ እንዳመጣ ላከችኝ። የእትዬ ጠሂራ ሱቅ በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል። ከተሰቀሉት ጥለቶች ሥር ሾልኬ ገባሁ። እታለም በእጇና በጉልበቷ መሬት ላይ ናት። እትዬ ጠሂራ ከላይዋ ቆማለች።

«ከጉሮሮሽ አይደለም፤ ከሆድሽ አውጪው። አህያ ስታናፋ ሰምተሽ አታውቂም? መጀመሪያ አየር ትስባለች።»

እታለም አናፋች።

«እንደሱ! አሁን ራስሽን ነቅንቂ። አለቃው ሞኝ አይምሰልሽ፤ ከተጠራጠረ አለቀልሽ።»

«እትዬ ጠሂራ፣ ፈራሁ» አለች እህቴ። እንባዋ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«እኔም ባንቺ ዕድሜ ፈርቻለሁ። እኔ ግን የሚረዳኝ አላገኘሁም። በይ፣ እንደገና።»

ጠንቋይ ማለት ይቺ ናት! የእህቴን ነፍስ አስወጥታ አህያ እያስገባችባት ነው፤ እህቴ ፈራሁ እያለች ብታለቅስ እንኳ አትምራትም! እትዬ ጠሂራ ጡት ሳታወጣ ለሽማግሌ ተድራ፣ ከባሏ ቤት ጠፍታ፣ ብቻዋን አዲስ አበባ የገባች ሴት መሆኗን የሰማሁት እኔ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን ከዚያ ሱቅ ወጥቼ ስሮጥ በዓይኔ የነበረው ያ ነቅንቂ የተባለው የእህቴ ራስ ብቻ ነው።

አባባ መጋዘኑ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። የጤፍ ናሙና በሰፌድ ዘርግተው ያያሉ።

«አባባ! ደረስኩበት! እታለምን የምታሳምማት እትዬ ጠሂራ ናት!»

«ማን አለሽ?»

«በዓይኔ አየሁ! ‹አየር ሳቢ› አለቻት፣ ‹ከሆድሽ አውጪው› አለቻት! እታለም መሬት ላይ ተንበርክካ ታለቅሳለች። አህያ አደረገቻት እኮ አባባ! ከእንግዲህ የቀራት ጅብ ነው!»

አባባ ሰፌዱን አስቀመጡ። ዱላቸውን አንስተው ይወጣሉ ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው። እሳቸው ግን ከቦታቸው አልተነሡም።

«ታለቅሳለች?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ምን ብላ?»

«ፈራሁ ብላ። ‹አለቃው ከተጠራጠረ አለቀልሽ› ስትላት ነው።»

ጣታቸው ላይ የቀረ የጤፍ ፍሬ ነበር፤ እሱን አዩ፣ አራገፉት፣ እንደገና ጣታቸውን አዩ። ከዚያ «ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አሉኝ።

«አልነገርኩም። ልንገር?»

«ምላስሽን ነው የምቆርጠው!»

አባባ እንደዚያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። ክፉ ሰው አጋልጬ ለምን እኔን እንደተቆጡኝ ሊገባኝ አልቻለም። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ የማግስቱ ነው። አባባ ምርጥ ነጭ ጤፍ በተሸካሚ አስጭነው ለእትዬ ጠሂራ ላኩላት። «ለጎረቤት ነው» አሉ። እሷ ራሷ ግራ ገብቷት ሁለት ጊዜ ተሸካሚውን «እርግጠኛ ነህ?» አለችው። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። አባባንም ይዛቸዋለች ማለት ነው፤ ግብር እያስላከች ነው።

ከዚያ ወዲያ አባባን በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ያዝኩ። እህል አይወርድላቸውም። ሰው ሲያናግራቸው ሌላ ቦታ ናቸው። አንድ ቀንማ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው የጎረቤት አውራ ዶሮ ትክ ብለው ሲያዩ ደረስኩባቸው። ዶሮው ሲጮኽ የእሳቸው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ቀሚሴን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እንዳልጮኽ ራሴን ያዝኩ።

ዛሬ ሳስበው ሰውየው ምጥ ላይ ነበሩ። «አልሰጥም» ቢሉ እህል በረንዳ ላይ ቀና ብለው አይሄዱም። ቢሰጡ ደግሞ የሚሰጡት መሬት ላይ ተንበርክካ የምታለቅስ ልጃቸውን ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ እማዬ እንኳ አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ አንድ እሑድ ተመለሱ። ይህን ጊዜ ባላምባራስ ራሳቸው መጥተው ደጅ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። አለቃ ፈንታ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። እታለም ገና ስታያቸው አናፋች፤ ከሆዷ ነው ያወጣችው፣ አየር ስባ። ደጅ የታሰሩት አህዮች ዘመድ የጠራቸው መስሏቸው መለሱላት።

አለቃ ፈንታ ግን አልተነቃነቁም። ቆሎ ቀርቦላቸው ቆረጠሙ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከዚያ ተናገሩ።

«ደመቀ፣ እኔ ብዙ በሽታ አይቻለሁ። ሽማግሌ ሲመጣ ተነሥቶ ሽማግሌ ሲሄድ የሚተኛ በሽታ ግን አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?» አሉ አባባ።

አለቃ ጨርቁን ፈቱ። ማጭድ ነው። «ግንባሯን እንተኩሳት። በሽታም ከሆነ ይለቃታል፤ ውሸትም ከሆነ ይለቃታል።»

ተነሥተው ማጭዱን ከሰል ምድጃው ላይ አደረጉት። እማዬ እግራቸው ላይ ተደፋች። «አለቃ፣ በወላዲተ አምላክ ይዤዎታለሁ! ፊቷን አይንኩብኝ!»

«ለትዳሯ ስንል ነው፣ ተነሽ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች እታለምን ግራና ቀኝ ያዟት። ማጭዱ ከጫፉ መቅላት ጀመረ። እህቴ ማናፋቷን ተወች። ዓይኗ ከብረቱ አይነቀልም። «እም...» ልትል ሞከረች፤ ጥጃም ፍየልም አልመጣላት አለ። እኔ በልቤ «አድርጉት፣ ይልቀቃት» እያልኩ ነበር፤ እንደሚያቃጥል ሳውቅ እንኳ፤ ጅብ ከምትሆን ብዬ። እትዬ ጠሂራ በር ላይ ቆማ ታይ ነበርና ነጠላዋን ጥላ ገባች።

«ቆዩ! ልጅቷን ልቀቋት፤ እኔ ልናገር፣ እኔ ነኝ...»

«አንቺ ምንድን ነሽ?» ብለው አለቃ ፈንታ ዞሩባት።

«ኩኩሉ!»

እሷ አይደለችም። ሁላችንም ዞርን። አባባ መደቡ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ አንገታቸውን መዝዘው፣ ደረታቸውን ነፍተዋል። ክንፋቸውን ሁለት ጊዜ አርገበገቡና በዚያ ነጋዴው ሁሉ ዝም ብሎ በሚሰማው ድምፃቸው ደገሙት፤ «ኩኩሉሉ!» ከመደቡ ዘለው ወረዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ቆሎው ሄዱና በአፋቸው ለቀም ለቀም አደረጉት። ቀና ሲሉ አለቃ ፈንታን በጎን፣ በአንድ ዓይን አዩዋቸው። ዶሮ እንደዚያ ነው የሚያየው።

«ደመቀ...» አሉ አለቃ፣ ወደ ኋላ እየሸሹ። «ደመቀ፣ ኧረ ተው... ተው ወንድሜ...»

አባባ ዘለው ጥምጥማቸውን ጠቅ አደረጉት።

ከዚያ ወዲያ መረጋገጥ ሆነ። እታለምን ለቀቋት። አንደኛው ሽማግሌ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ወጣ። ልጅቷ ትዋሻለች ብለው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ደመቀ ይዋሻል የሚል ሐሳብ ግን በአንዳቸውም ራስ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ከደጅ የባላምባራስ ድምፅ ተሰማ፤ «ምን ተፈጠረ?» ይላሉ። «ይሂዱ ጌታዬ፣ ይሂዱ!» አሉ አለቃ ፈንታ። «ከአባትየው ነው! ዘራቸው ነው! ነገሩ ቀርቷል፣ እኛው ትተነዋል!» መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ በተሸካሚዎቹ መካከል ሲሄድ ሰማን።

አባባ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እታለም እግራቸው ሥር ተደፍታ ትንሰቀሰቃለች። እማዬ አንዴ ባሏን አንዴ ልጇን ታያለች፤ ቀስ በቀስ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከሁሉም ሩቅ፣ ጥግ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፌ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«አባባ፣ ያምዎታል?» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ እትዬ ጠሂራን አዩ፣ እማዬን አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩ።

«አዎ ልጄ» አሉ። «ያመኛል።»

እኔም ሮጬ ከቤት ወጣሁ።

የባላምባራስ ጤፍ በዚያው ቀረ። «ደመቀ ካለ አለ ነው» መባሉ ቀርቶ «ደመቀ ካለ ነጋ ነው» ይሉ ጀመር። ሥራ ፈት ሁሉ አባባ ሲያልፉ «ኩኩሉ» እያለ ከኋላቸው ይስቃል፤ እሳቸው ዞር ብለው አያዩም። የተጣላ ነጋዴ ለዳኝነት ሌላ ሰው ፈለገ። መጋዘኑን ለቅቀው አነስ ባለች ቤት ገብስና አተር በቁና መሸጥ ያዙ። እታለምን እትዬ ጠሂራ «ጸበሉም ዱዓውም ተደረገላት፤ ለቀቃት» ብላ ለሰፈሩ አወራችላት። ፈተናዋን አለፈች፣ ነርስነት ገባች።

እኔ ግን አባባን ፈራኋቸው። ከእጃቸው ጉርሻ አልቀበልም አልኩ። እሳቸው በተቀመጡበት መደብ አልቀመጥም፤ ጉሮሯቸውን ሲያጸዱ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ። ማታ ሲገቡ «ቦሰና የታለች?» ይላሉ፤ እኔ በጓሮ በር ወጥቼ እትዬ ጠሂራ... አይ፣ እሷንም እፈራ ነበርና ደጅ ጥግ ቆሜ እቆያለሁ። እማዬ ተቆጥታ ልታመጣኝ ስትነሣ «ተያት፣ ትፍራኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ያንን ቃል የበሽተኛ ቃል አድርጌ ነበር የያዝኩት።

እታለም ትምህርቷን ጨርሳ ነጭ ልብሷን ለብሳ የመጣች ዕለት ቤቱ በደስታ ሞላ። እማዬ እልል አለች፣ እትዬ ጠሂራም ተከተለች። እታለም ሄዳ የአባባን ጉልበት ሳመች።

«ያን ቀን ባይጮኹልኝ የት ነበርኩ አባባ?» አለች።

እኔ በር ላይ ነበርኩ። ያች «ልኝ» ጆሮዬ ላይ ቀረች፤ ጠርጣራ ነኝ ብያችኋለሁ። «ባይጮኹልሽ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ።

ሁሉም እርስ በርሳቸው ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ጠሂራ ናት። ከዚያ እማዬ። እየሳቁና እንባቸውን እየጠረጉ፣ አንዷ ከሌላዋ አፍ እየነጠቀች ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። ያ ሁሉ ዘመን ቤቱ ውስጥ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባባ ላይ ጮኽኩባቸው። «ለምን አልነገሩኝም? እኔ እኮ ሸሸሁዎት! ስፈራዎት ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ!»

«ብነግርሽ ለማን ትነግሪ ነበር?»

«ለማንም!»

ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። አባባ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እሷ አንዴ ከሄደች አትመለስም ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንቺ ግን ብትሸሺኝም እዚሁ ቤት ነሽ። አንድ ቀን ትመጫለሽ ብዬ ነው።»

ሄጄ ጉያቸው ውስጥ ገባሁ፤ እሳቸውም ልጅ ሳለሁ እንደሚያደርጉት በጋቢያቸው ሊሸፍኑኝ ሞከሩ። እኔ ግን አድጌ ነበርና እግሬ ውጭ ቀረ።